ይድረስ ለአባቴ፦ ስለ ላቦራቶሪ ትምህርቴ

ለማከብርዎትና ለምናፍቅዎት አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው እሑድ በስልክ «ሐኪም ትሆኚያለሽ ብዬ ስጠብቅ ኮሌጅ ገብተሽ የደም ምርመራ ትማሪያለሽ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረን በቂ መልስ አልሰጠሁዎትም። ማዘንዎ ከድምፅዎ ስለገባኝ ነገሩን በጽሑፍ አደላድዬ ላስረዳዎት ወደድሁ።

የምማረው እዚህ ያለን ሐበሾች ኖቫ በምንለው በኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ነው። ኮሌጅ መባሉ አሳንሶብዎት ከሆነ፣ ክፍያው ይቀላል እንጂ ትምህርቱ አይቀልም። ስለ ደም ሴሎች፣ ስለ ደም ኬሚስትሪ፣ ስለ ባክቴሪያና ስለ ደም ባንክ ተምረን፣ ሆስፒታል ገብተን ከተለማመድን በኋላ፣ የአሜሪካ ክሊኒካል ፓቶሎጂ ማኅበር የሚያወጣውን የ100 ጥያቄዎች ፈተና በ2 ሰዓት ተኩል እንፈተናለን። ፈጣሪ ከፈቀደ ከዚያ ወደ ባችለር ዲግሪ እቀጥላለሁ።

በልምምድ ላይ ሳለሁ ያጋጠመኝን ልንገርዎት። የአንዲት እናት ደም ተመርምሮ ፖታሲየማቸው 9 ሆኖ ወጣ፤ የጤነኛ ሰው ከ5 ብዙ አያልፍም፣ 9 ደግሞ ልብን ሊያቆም የሚችል መጠን ነው። ደንግጬ ለሐኪሙ ልደውል ስል አሠልጣኜ እጄን ያዝ አድርጋ «መጀመሪያ ካልሲየሙን እዪው» አለችኝ። ካልሲየሙ በሕይወት ያለ ሰው ሊኖረው እስከማይችል ድረስ ወርዶ ነበር። ለካ ደሙን የቀዳው ሰው አንደኛው ቱቦ ስላልሞላለት ሐምራዊ ክዳን ካለው ቱቦ ጨምሮበት ኖሯል፤ በሐምራዊው ውስጥ ያለው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ጨው ራሱ ፖታሲየም ስላለበት ያንን ሲያንር፣ ካልሲየሙን ደግሞ አስሮ ይይዘዋል። ደማቸው እንደገና ተወስዶ ሲታይ ምንም አልነበረባቸውም። የመጀመሪያው ቁጥር እንዳለ አልፎ ቢሆን ኖሮ ሐኪሙ ያልታመመ ልብ ሊያክም ይነሣ ነበር። ሐኪሙ አምኖ መድኃኒት የሚያዝበት ወረቀት የሚወጣው ከእኛ እጅ ነው፣ አባቴ።

የወባ ስላይድ ያየን ዕለት ደግሞ እርስዎ ትዝ አሉኝ። የክፍል ጓደኞቼ ወባን የሚያውቁት ከመጽሐፍ ነው፤ እኔ ግን በቀይዋ ሴል ውስጥ እንደ ቀለበት የተቀመጠውን ጥገኛ ተውሳክ በማይክሮስኮፕ ስመለከት፣ መተማ ጤና ጣቢያ በር ላይ በዚያ ሙቀት ጋቢ ተከናንበው ሲንቀጠቀጡ፣ ጣትዎን የወጋው ልጅም ቆይቶ ወረቀቱን ይዞ ሲወጣ እንደገና ታየኝ። ሐኪሙን መርቀን ተመለስን፤ የዚያን ልጅ ስም እንኳ አልጠየቅንም። እኔ እየተማርሁ ያለሁት የእሱን ሥራ ነው፣ ወድጄውም ነው የገባሁበት።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ስኳርዎን በጣት ብቻ ከመለካት አልፈው የሦስት ወሩን የደም ምርመራ ያሠሩ። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ቀይ የደም ሴል ላይ ይጣበቃል፤ ሴሉም 120 ቀን ያህል ስለሚኖር፣ ለቀጠሮው ሲሉ ሁለት ቀን ከጣፋጭ ቢታቀቡም የከረመውን ያወጣዋል። ውጤቱን ወንድሜ ፎቶ አንሥቶ ይላክልኝ፤ እኔው አነብልዎታለሁ።

ናፋቂ ልጅዎ