ክሊኒኩን እንደ ማንኛውም ክሊኒክ ይመዝኑልን
ለከተማው የፕላንና የመሬት አጠቃቀም ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ በሰፈራችን ሊከፈት ለታሰበው የአእምሮ ጤና ክሊኒክ የቦታ ፈቃድ እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

በቅድሚያ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን የምጽፍልዎ የሰፈሩ ነዋሪ ሆኜ ነው። የአእምሮ ሕመም ያለበት ታናሽ ወንድምም አለኝ። ሁለቱንም ከመነሻው የነገርኩዎ ከየት ቆሜ እንደምናገር እንዲያውቁት ብዬ ነው። ወንድሜ ስለ እሱ እንድጽፍ ፈቅዶልኛል።

ጠረጴዛዎ ላይ ሁለት ወረቀቶች እንዳሉ አውቃለሁ። አንዱ መንገድ ዳር ያለውን ባዶ ቤት ለተመላላሽ ታካሚዎች ብቻ የሚሆን የአእምሮ ጤና ክሊኒክ ለማድረግ የቀረበ ማመልከቻ ነው። ሌላው የጎረቤቶቼ የተቃውሞ ፊርማ ነው። ፊርማውን ይዘው በራችንን ካንኳኩት ሴቶች አንዷን በደንብ አውቃታለሁ። ሰው ሲቸገር ቀድማ የምትደርስ ናት። «ልጆቼ እኮ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በዚያ በር አልፈው ነው» አለችኝ። ፍርሃቷ የምር ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እሷም እንደምታነበው እያሰብኩ ነው።

ልመናዬ አንድ ነው። ይህን ክሊኒክ የጥርስ ክሊኒክ ቢሆን ኖሮ በሚመዝኑበት መንገድ ይመዝኑልን።

የመሥሪያ ቤትዎ ሥራ ሕንፃው ለምን አገልግሎት እንደሚውል መወሰን ነው። ስንት መኪና ይመጣል? ፓርኪንግ አለው? ድምፅ ይረብሻል? የሕክምና ቆሻሻው በምን ሁኔታ ይወገዳል? በዊልቸር የሚመጣ ሰው መግባት ይችላል? እሳት ቢነሳ መውጫ አለ? እነዚህን ሁሉ ይጠይቁ። ጠበቅ አድርገው ይጠይቁ። የጎደለ ነገር ካለ ክሊኒኩ ያሟላ። በሩን አልፎ የሚገባው ሰው ያመመው ጥርሱን ነው ወይስ አእምሮውን የሚለው ግን የመሬት አጠቃቀም ጥያቄ አይደለም። እዚያ ውስጥ የሚደረገውም ሌላ ጋ ከሚደረገው አይለይም። ሰው ተራ ጠብቆ ይገባል፣ ከባለሙያ ጋር ያወራል፣ መድኃኒቱ ይታይለታል፣ ቀጠሮውን ይዞ ይወጣል።

ይህ ክርክር በእኛ አልተጀመረም። በአሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ ክሌበርን የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1980 የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው 13 ሰዎች የጋራ መኖሪያ ቤት ለመክፈት ጥያቄ ቀረበላት። የአእምሮ እድገት ውስንነትና የአእምሮ ሕመም አንድ አይደሉም፤ ተቃውሞው ግን ቁርጥ የእኛ ሰፈሩን ነው። የከተማዋ ምክር ቤት ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል አለ፤ ፈቃዱንም ከለከለ። ጎረቤት ፈርቷል ተባለ። መንገድ ማዶ ትምህርት ቤት ስላለ ተማሪዎቹ ነዋሪዎቹን ሊያስቸግሩ ይችላሉ ተባለ። ቦታው በ500 ዓመት አንዴ ጎርፍ ሊደርስበት የሚችል ነው ሁሉ ተባለ።

ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1985 ዳኞቹ ምክንያቶቹን አንድ በአንድ አዩዋቸው። እዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ ተመሳሳይ ውስንነት ያለባቸው 30 ያህል ተማሪዎች ይማሩ ነበር። ጎርፉን በተመለከተ ደግሞ፣ እዚያው ቦታ ላይ የአረጋውያን መጦሪያ ቢከፈት ከተማዋ ልዩ ፈቃድ አትጠይቅም ነበር። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ በዚያ ቤት ላይ የተጣለው የልዩ ፈቃድ ግዴታ የመነጨው ከጭፍን ጥላቻ ነው ብሎ ሻረው። በመሬት አጠቃቀም ጉዳይ ሊታይ በሚገባው ማስረጃ ያልተደገፈ ፍርሃት ለመከልከል ምክንያት እንደማይሆንም ግልጽ አደረገ። የዚያ አገር ፍርድ እርስዎን አያስገድድም። አካሄዱን ግን እንዲያዩልን እፈልጋለሁ፤ እያንዳንዱን ምክንያት አንስቶ «ይህ ለሌላውም ይሠራል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ካነጋገርኳቸው ጎረቤቶች መሀል «ክሊኒኩን አልጠላንም፣ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ለምን አይሆንም?» ያሉኝ አሉ። በቅንነት የሚሉት ነው፤ መካከለኛ ሐሳብም ይመስላል። ለእኔ ግን ከሁሉም የከበደው ይህ ነው።

ወንድሜ በወር አንዴ መርፌ ይወጋል። ይኸው ነው ሕክምናው። መርፌው ራሱ ደቂቃ አይፈጅም። መንገዱና ወረፋው ግን ሙሉ ቀን ይበላል። ሌሊት ይነሳል። የቀጠሮ ካርዱን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ይከተዋል፤ ከመታጠፍ ብዛት እጥፋቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ጠፍቷል። ከመድኃኒቱ የተነሳ እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ሰው እንዳያይበት ወረፋው ላይ እጁን ኪሱ ከትቶ ይቆማል። ያን ቀን ሥራ አይገባም። ለአለቃው በየወሩ ምን እንደሚለው ይጨንቀዋል፤ እውነቱን ቢናገር ሥራውን የሚያጣ ይመስለዋል። እና አንዳንዴ ይቀራል። ሲቀር መጀመሪያ የሚሄደው እንቅልፉ ነው። ሌሊት ከክፍል ክፍል ሲመላለስ እሰማዋለሁ። ቀጥሎ ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ ያለውን እዚህ አልጽፈውም።

ክቡር ኃላፊ፣ እንዲህ ላለ ሕመም ርቀት ተራ የመጓጓዣ ጉዳይ አይደለም። መድኃኒት ማቋረጥ ሕመሙ እንዲያገረሽ ሊያደርግ እንደሚችል የሙያው ሰዎች ሁሉ ያውቁታል። ሰው መድኃኒቱን ከሚያቋርጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ደግሞ ሩቅ መሆኑ ነው። ክሊኒኩ በእግር የሚደረስበት ቢሆን ወንድሜ ሥራ ከመግባቱ በፊት ተወግቶ ይሄዳል። ቢቀር ነርሷ ስልክ ትደውላለች፤ ግፋ ቢል ሰው ልካ ታስጠይቃለች። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም የጤና አገልግሎት በተቻለ መጠን ሰዎቹ ለሚኖሩበት አካባቢ ቅርብ ይሁን ይላል።

በሽተኛን ከከተማ ማውጣት ዓለም በደንብ የሞከረው ነገር ነው። ጣሊያን ውስጥ ትሪየስቴ ከተማ፣ ፍራንኮ ባዛሊያ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1971 የአእምሮ ሆስፒታሉን ሲረከብ ግቢው ውስጥ 1,200 ያህል ሰው ተዘግቶበት ነበር። እሱና ባልደረቦቹ በሩን ከፈቱ። በምትኩ በየሰፈሩ ቀን ከሌሊት የሚሠሩ ማዕከሎችን አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1978 አገሪቱ በሕግ አዲስ ታካሚ ወደ እንዲህ ያሉ ሆስፒታሎች እንዳይገባ ከለከለች። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1963 የማኅበረሰብ የአእምሮ ጤና ማዕከላት ሕግ አውጥታ ነበር። እዚያ ሆስፒታሎቹ ባዶ እየሆኑ ሲሄዱ ከታሰቡት ማዕከሎች ብዙዎቹ ሳይሠሩ ቀሩ። ብዙ ሕመምተኛ መንገድ ላይና እስር ቤት ወደቀ። ጎረቤቶቼ የሚፈሩት መንገድ ላይ የወደቀውን ሰው ነው። ያ ሰው እዚያ የደረሰው ግን በአብዛኛው ክሊኒክ አጥቶ ነው።

ቅርብ አገልግሎት ሲባል የግድ ትልቅ ሕንፃ ማለት አይደለም። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪም በጤና ጣቢያዎች ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር አስቀመጠ። የሰፈሩ አሮጊቶች ሥልጠና ወስደው እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ፤ ችግርን ቆርሶ መፍታትን ያስተምራሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጥናት ከ6 ወር በኋላ ወንበሩ ላይ የታገዙት ሰዎች የጭንቀትና የድብርት ምልክት የተለመደውን አገልግሎት ካገኙት በጣም ዝቅ ብሎ እንደተገኘ አሳይቷል። ወንበሩ ያለው እዚያው ሰዎቹ በሚኖሩበት ሰፈር ነው።

ስለ ልጆቹ ላነሳችው ጎረቤቴም መልስ አለብኝ። የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ማንንም አይጎዱም፤ እንዲያውም ጥቃት የሚደርሰው በእነሱ ላይ ነው። አደጋ ሊኖር ይችላል ከተባለም ይበልጥ የሚያሰጋው ያልታከመው፣ በተለይ አልኮልና አደንዛዥ ዕፅ የጨመረበት ነው። ታክሞ ሊሄድ የመጣው አይደለም። ደግሞም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከ8 ሰዎች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ገምቷል። የክሊኒኩ ታካሚዎች ከሌላ ቦታ ተጭነው የሚመጡ አይደሉም፤ እኛው መሀል አሉ። ግማሽ ያህሉ የአእምሮ ሕመም የሚጀምረው እስከ 18 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። በዚያ በር የሚያልፉት ልጆች መሀል አንዱ ነገ ያንን በር ሊፈልገው ይችላል።

አሁን ወደ ፊርማው ልመለስ፤ እዚህ ላይ ልዩ ትኩረትዎን እለምናለሁ። ክሊኒኩን የማይፈልግ ሰው ሳይሳቀቅ ይፈርማል። የሚፈልገው ግን ለመፈረም ምስጢሩን ማውጣት አለበት። የምትታከም መምህርት ስብሰባ ላይ ተነስታ «እኔ ያስፈልገኛል» ትበል? ልጁ ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ የተረፈለት አባት በጎረቤት ፊት ይናገር? አይናገሩም። ስለዚህ የፊርማውን ብዛት የሰፈሩ ሐሳብ አድርገው አይውሰዱብን።

በዚህ ምክንያት ጥቂት ነገሮች እጠይቃለሁ። ከሕዝብ ውይይቱ በፊት አስተያየት በጽሑፍ፣ ስም ሳይገለጥ እንዲቀርብ ይፈቀድ። ውይይቱ ሠራተኛ ሊገኝ በሚችልበት ሰዓት ይሁን። የቤት ዋጋ ይወርዳል የሚል ካለ ማስረጃውን ያምጣ፤ ለክሊኒኩም መልስ የመስጠት ዕድል ይሰጠው። ውሳኔው ምንም ይሁን ምን ምክንያቱ ተዘርዝሮ በጽሑፍ ይውጣ።

ክሊኒኩ ላይ ቅድመ ሁኔታ ቢቀመጥ አልቃወምም። የሥራ ሰዓቱ ይታወቅ፤ ጎረቤት ቅሬታ ሲኖረው የሚደውልበት ስልክና ስልኩን የሚያነሳ ሰው ይኑር። «ታካሚዎቹ በጓሮ በር ይግቡ፣ አጥሩም ከፍ ይበል» የሚለውን ሐሳብ ግን እንዳይቀበሉት አደራ እላለሁ። የጥርስ ታካሚ በጓሮ ግባ አይባልም። ወንድሜም በፊት ለፊቱ በር ይግባ።

በውይይቱ ቀን እገኛለሁ። ጎረቤቴም እንድትመጣ ጠይቄያታለሁ፤ እሺ ብላኛለች። ወንድሜ ስሙ እንዳይነሳ ለምኖኛል፤ አላነሳሁትም። የእኔን ስም ግን ለጽሕፈት ቤትዎ ባስገባሁት የድጋፍ ማመልከቻ ላይ ያገኙታል።

ከከበረ ሰላምታ ጋር