ሯጫችን ልትሸለም ነው

ውድ አባላት፣ ጤና ይስጥልን። ያቺ የ800 ሜትር ሯጫችን በድሮው ትምህርት ቤታችን የክብር ሽልማት ልትቀበል ነው። ትንሽ ዘግይቷል፤ ቢሆንም እሰየው!

800 ሜትር በመደበኛው መም ሁለት ዙር ነው። ፍጥነትም ትንፋሽም ይጠይቃል። እሷ ትሮጥባት የነበረችው ጎንደር ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። የመጨረሻው 200 ሜትር ላይ የሌላው እግር ሲተሳሰር እሷ እዚያ ላይ ነበር የምትፈተለከው። ያውም በአቧራ ሜዳ፣ በሸራ ጫማ!

ቅዳሜ ጠዋት ፒያሳ ተገናኝተን አብረን እንሄዳለን። ካባ እናለብሳታለን፤ ለመግዣው የአቅማችሁን ለገንዘብ ያዣችን ስጡ። የድሮ ፎቶ ያላችሁ አምጡ። ንግግር ግን አሳጥሩ። ሙገሳ ሲበዛባት ተነስታ እንደምትሄድ ታውቋታላችሁ።