ካርዱን ስለ መተዋችን

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለአንቺና ለመላው ቤተሰብሽ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እናትሽ እንደምን አሉ? እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቼ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በ2014 ዓ.ም. በወሎ በነበረው ጦርነት ስልኩ በተቋረጠ ጊዜ ከተለያየን ወዲህ፣ በየሰዉ ሳስጠይቅ ቆይቼ ከደሴ የመጣች ዘመዴ ደኅንነትሽን ብትነግረኝ የተሰማኝን ደስታ በጽሑፍ መግለጽ አልችልም። አሁንም በዚያው በምግብ ዋስትና ሥራ ላይ እንዳለሽ አጫወተችኝ። የምነግርሽ ብዙ ነገር ቢኖርም፣ ይህን ደብዳቤ ለአንድ ጉዳይ ብቻ ላደርገው ወስኛለሁ፤ እዚህ ላሉ ወዳጆቼ ሁሉ ባወራውም ከሥሩ የምትረጂኝ አንቺ ነሽና።

ቤታችን ላለፉት ዓመታት ከአሜሪካ መንግሥት «ስናፕ» ወይም በቀድሞ ስሙ «ፉድ ስታምፕ» የሚባለውን የምግብ ድጋፍ ሲያገኝ ቆይቶ፣ በቅርቡ በራሳችን ጥያቄ አቁመነዋል። እኔና አንቺ በአገራችን ምግብ ለሚያጥረው ገበሬ እህል የሚሰጠውን የሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጠቃሚዎች መዝገብ ይዘን ከቀበሌ ቀበሌ ስንዞር፣ የዚህን ቤት በግ፣ የዚያን ቤት በሬ ስንቆጥር፣ «ይህ አባወራ ጥሪት አፍርቷል፣ ይመረቅ»፣ ማለትም ከድጋፉ ይውጣ፣ የሚለውን ውሳኔ ለሕዝቡ ስናነብ የነበርን ሰዎች ነን። እኔ በተራዬ በመዝገቡ ማዶ ተቀምጬ፣ ገቢዬን ሌላ ሰው ሲቆጥረው አይቼ፣ በመጨረሻም ተመርቄያለሁ ማለት ነው።

ዲቪ ደርሶን እንደ መጣን ታውቂያለሽ። በዚህ አገር ሕግ ግሪን ካርድ ያለው ዐዋቂ ሰው በአብዛኛው አምስት ዓመት ሳይሞላው ይህን ድጋፍ አያገኝም፤ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ግን ወዲያው እንዲያገኙ ይፈቀዳል። ስለዚህ መጀመሪያ የተሰጠን የልጆቹ ድርሻ ብቻ ነበር። ባለቤቴ በመኪና ማቆሚያ፣ እኔም በሌሊት ጽዳት እየሠራን ደመወዛችን ከቤት ኪራይ የሚተርፍ አልነበረም፤ የልጆቹ ወተትና እንቁላል፣ የቤቱ ምስርና ዘይት ድጋፉ ከሚሞላበት ካርድ ነበር የሚመጣው። እኛም ጊዜያችን ሲደርስ ተጨመርን። ያንን ድጋፍ በመቀበሌ አፍሬ አላውቅም፤ ለሰው ለመናገር የሚሸማቀቁ ያገራችን ልጆች ሲያጋጥሙኝም ልጆቻቸው እንዳይጎዱ ሄደው እንዲያመለክቱ እመክራለሁ።

ካርዱ የባንክ ካርድ ይመስላል፣ የምስጢር ቁጥርም አለው። በሜሪላንድ ገንዘቡ በየወሩ ከ4ኛው እስከ 23ኛው ቀን ባለው ጊዜ እንደ ቤተሰብ ስም መነሻ ፊደላት ተራ በተራ ይገባል። ዱቄት፣ ሥጋ፣ አትክልት ይገዛበታል፤ ካርዱን ከሚቀበሉ የኢትዮጵያውያን ሱቆችም ጤፍና በርበሬ ገዝቼበታለሁ። ሳሙና፣ ዳይፐር፣ መድኃኒት፣ አልኮልና ሲጋራ አይገዛበትም፤ ትኩስ የተዘጋጀ ምግብም እንደዚሁ። ሌሊቱን ሠርታ ጠዋት ለምትገባ እናት የመጨረሻው ክልከላ ለምን እንዳስፈለገ እስካሁን አልገባኝም።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን በሰልፍ ላይ ከኋላዬ የቆመው ሰው በምን እንደምከፍል አለማወቁ ነው። ይህ ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ1939 በኒውዮርክ ግዛት፣ በሮቸስተር ከተማ ሲጀመር ብርቱካናማና ሰማያዊ ቴምብር ነበር የሚታደለው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተቋርጦ፣ በ1964 በፕሬዚዳንት ጆንሰን ፊርማ ቋሚ ሕግ ከሆነ ወዲያም ድሃው ለረጅም ዘመን በሰው ፊት የወረቀት ኩፖን እየቆጠረ ሲከፍል ኖሯል። በካርድ መክፈል በሁሉም ግዛቶች የተዳረሰው በ2004 ነው። እኛ በመጋዘኑ ደጃፍ ቆመን በእያንዳንዱ ቤተሰብ ስም ስንጣራ፣ የተጠራውም ሰው ጎረቤቱ ሁሉ እያየው በነፍስ ወከፍ 15 ኪሎውን እህል በጆንያ ሲሸከም ትዝ ይለኛል። ማን ድጋፍ እንደሚገባው ሕዝቡ ራሱ በአደባባይ እንዲመሰክር የሚያደርገው አሠራራችን ትልቅ ጥቅም እንደ ነበረው ዛሬም አምናለሁ፤ ነገር ግን የተቀባዩን ክብር ምን ያህል እንደሚነካ ያኔ እንዲህ ቀርቤ አላየሁትም ነበር።

አሁን ወደ መተዋችን ልምጣ። የድጋፉ ልክ የሚሰላው በገቢ ነው። ምንም ገቢ የሌለው አራት ሰው ያለበት ቤት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2025 ወዲህ በወር ቢበዛ 994 ዶላር ያገኛል። ገቢ ያለው ደግሞ የተፈቀዱት ወጪዎች ተቀንሰውለት ከሚቀረው ገቢ 30 በመቶው ከዚያ ላይ ይነሣበታል። ስለዚህ ድጋፉ በአንድ ቀን ተቆርጦ አይቀርም፤ ደመወዝ ሲያድግ ቀስ በቀስ እየሳሳ ይሄዳል። ባለቤቴ የአውቶቡስ ሾፌርነት ሥራ ካገኘ፣ እኔም በአረጋውያን መጦሪያ በነርስ ረዳትነት ከተቀጠርኩ በኋላ የሚደርሰን ገንዘብ ትንሽ ሆኖ ነበር። ገቢያችን ሕጉ ካሰመረው ወሰን ገና አልተሻገረም፤ እስከሚቀጥለው እድሳት ብንቆይ የሚጠይቀን አልነበረም። ሆኖም አስቤዛው ከደመወዛችን ተሸፍኖ የተወሰነ ገንዘብ መቆጠብ ስንጀምር፣ ካርዱ ከእንግዲህ ለእኛ አይደለም አልኩ።

ወዳጆቼ አልተስማሙም። «እነሱ እስኪያስቆሙት ምን አስቸኮለሽ?» ያሉኝ ብዙዎች ናቸው። አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ የበለጠ የሚከብድ ነገር ነገረችኝ፤ እኛ ብንተወው እንኳ ገንዘቡ በቀጥታ ለሌላ ድሃ እንደማይተላለፍ አስረዳችኝ። እውነቷን ነው። በዚህ አገር የምግብ ድጋፉ የሰው ቁጥር ገደብ የለውም፤ መስፈርቱን ያሟላ ሁሉ ያገኛል፣ የእኔ መውጣት ለሌላው ቦታ አይለቅም። በእኛ ወረዳ ግን ኮታ ነበር። አንዱ ካልወጣ ሌላው አይገባም፤ በመዝገቡ ያልተካተተች አሮጊት በየስብሰባው መጨረሻ ጥግ ላይ ቆማ የምትጠብቀው የአንዱን መመረቅ ነበር። ስለዚህ የሚመረቀውን ሰው «ውጣልን» ስንለው ቢያንስ ምክንያቱን በዓይን የሚታይ ሰው አድርገን ማሳየት እንችል ነበር።

እኔ ለጎረቤቴ የመለስኩላት አጭር ነው። ይህ ድጋፍ የቆመው ቤቱ ምግብ ለሚጎድለው ሰው ነው፤ በእኛ ቤት ምግብ መጉደሉ አብቅቷል። የሚከፈለውም ከሠራተኛው ሁሉ ግብር ነው። ፕሮግራሙን ለማጥበብ የሚሹ ሰዎች ሁልጊዜ የሚያነሡት ክርክር «የማይገባቸው ይወስዳሉ» የሚል ስለሆነ፣ ነገ ለሚቸገር ቤተሰብ ስል በዚያ ክርክር ውስጥ የእኔ ቤት ምሳሌ እንዳይሆን እፈልጋለሁ።

ባለቤቴ ግን የፈራው ሌላ ነበር። «ሥራዬን ባጣስ? ብታመምስ?» አለኝ። በዚህ ጊዜ ነው ደንቡን ፈልጌ ያነበብኩለት። ማንም ሰው ድጋፉን በፈቃዱ ቢተው ሲቸገር እንደገና ማመልከት ይችላል፤ ጽሕፈት ቤቱም በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ መስጠት ይጠበቅበታል። በእጁ ከሞላ ጎደል ምንም ለሌለው ሰው ደግሞ በ7 ቀናት ውስጥ እንዲደርስለት ታዟል። አንድ ጊዜ መተዉ በኋላ አይጎዳውም። ይህን ከሰማ በኋላ አንድም ቃል ሳይጨምር ተስማማ። የልጆቹ የትምህርት ቤት ምሳም ለዚያው የትምህርት ዘመን በነፃ እንደሚቀጥል ስናውቅ የቀረው ሐሳብ ተቃለለ።

እኅቴ፣ ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ ለዚህ ነው። ባለቤቴ ሲስማማ ያየሁት የእኛን ገበሬዎች ነው። ልታስመርቂያቸው ስትሄጂ የሚለምኑሽን ታስታውሻለሽ፤ «የዘንድሮን ብቻ እለፉኝ»፣ «በጉ የወንድሜ ነው»፣ «በሬው በሽታ ይዞታል» ይሉን ነበር። ከላይ ለሚመጡት ኃላፊዎች ይህ የጥገኝነት ልማድ ነበር፤ በየሥልጠናውም ዋናው ርእስ እርሱ ነበር። እኔ ግን ዛሬ ከመዝገቡ ማዶ ሆኜ ሳየው፣ እነዚያ ሰዎች እህሉን ከመውደድ ይልቅ ከወጡ በኋላ የሚዘጋውን በር ነበር የሚፈሩት። በወር አምስት ቀን እርከን ሠርተው፣ ድንጋይ ተሸክመው ያገኙት ነበርና ስንፍና የሚባል ነገር በውስጡ አልነበረም። አንድ ክረምት ዝናቡ ቢቀር፣ የተመረቀ ቤተሰብ ወደ መዝገቡ የሚመለስበት ቀላል መንገድ አልነበረውም፤ ያችን ቦታ ሌላ ሰው ይዟታል።

በ2008 ዓ.ም. የሆነውን አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ። በኤልኒኞ ምክንያት ዝናቡ ሲቀር፣ ከሴፍቲኔቱ ተጠቃሚዎች ውጪ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ አስቸኳይ የምግብ እርዳታ አስፈለገው። በእኛ ወረዳ የምስክር ወረቀት ሰጥተን ያስመረቅናቸው እናት፣ ያችን አንዲት ላማቸውን ሸጠው ከእርዳታው ሰልፍ ላይ ያገኘናቸው በዚያው ዓመት ነው። ቆጠራችን ስሕተት አልነበረበትም፤ ላሟ ነበረች፣ ጥሪቱም በመስፈርቱ መሠረት ሞልቶ ነበር። የጎደለው ክፉ ቀን ሲመጣ ላሟን ሳይሸጡ የሚመለሱበት በር ነው። እርሱ ቢኖር ኖሮ፣ እንዲያ ሲለምኑን ከነበሩት ውስጥ ብዙዎቹ እንደ ባለቤቴ በፈቃዳቸው በወጡ ነበር ብዬ አስባለሁ። ሰው ሲቸገር እንደሚቀበሉት ካመነ፣ የማያስፈልገውን ይዞ አይቀርም።

ይህን ስል የዚህን አገር አሠራር እንከን የለሽ አድርጌ እንዳልስልብሽ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 የወጣው ሕግ በስደተኝነትና በጥገኝነት ተቀባይነት ያገኙ ሰዎችን ግሪን ካርድ እስኪያገኙ ድረስ ከዚህ ድጋፍ አስወጥቷቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ ያገራችን ልጆችና ኤርትራውያን ወንድሞቻችን አሉ፤ ብዙዎቹም ሻንጣ እንኳ ሳይዙ የመጡ ናቸው። እኔ ሥራ አግኝቼ በፈቃዴ ስወጣ፣ ገና ሥራ ያላገኘ ሰው በሕግ መውጣቱ ልቤን ያሳዝነዋል። በዚያው ዓመት መገባደጃ የመንግሥት ሥራ በበጀት አለመጽደቅ ተዘግቶ በነበረ ጊዜ የኅዳር ወር ድጋፍ ሲዘገይ፣ እናቶች ባዶ ካርድ ይዘው ከሱቅ ሲመለሱ ተመልክቻለሁ። ያን ሰሞን እኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዱቄትና ዘይት አሰባስበን ነበር። በሩ እዚህም ሊጠብ እንደሚችል ያየሁት በዚያ ጊዜ ነው፤ እንዳይጠብ መቆርቆርም የወጣነው ሰዎች ድርሻ ይመስለኛል።

አወጣጡ ራሱ ቀላል ነበር። ድጋፉ እንዲቆምልን የሚጠይቅ አጭር ማመልከቻ ፈርመን ለማኅበራዊ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ሰጠን፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መዝገባችን መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ በፖስታ ደረሰን። በካርዱ ላይ የቀረውን ሂሳብ መጠቀም ስለሚፈቀድ ምስርና ዘይት ገዛሁበት። ስብሰባ የለም፣ ጭብጨባ የለም፣ ስም የሚያነብም የለም። ለእኛ ተመራቂዎች ያዘጋጀነው የነበረው ዓይነት የምስክር ወረቀት ባይኖርም፣ ባለቤቴ ያንን ደብዳቤ ከልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት ጋር አስቀምጦታል።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራሙ ምዕራፍ ድርቅ ሲመጣ ድጋፉ ከመደበኛው ተጠቃሚ አልፎ ለሌሎችም እንዲሰፋ መታሰቡን አውቃለሁ። በወረዳችን በተግባር እንዴት እየሆነ ነው? የተመረቀ ቤተሰብ አዝመራው ቢከስርበት ጥሪቱን ሸጦ ሳይጨርስ ይደረስለታል ወይስ አሁንም ባዶ እጁን እስኪቀር ይጠበቃል? ከጦርነቱ በኋላ ቆጠራውስ እንደ አዲስ ተካሂዷል? እኚያ እናትስ በሕይወት አሉ? ካሉ ስልካቸውን ወይም የልጃቸውን ስልክ ፈልገሽ ላኪልኝ። የእኛ ቤት በየወሩ ይተርፈው ከጀመረው ላይ ለእሳቸው የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ለመላክ ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረናል፤ በአንቺ በኩል ቢደርሳቸው እመርጣለሁ።

ለእናትሽ እግራቸውን ሳሚልኝ። መልስሽን በዘመዴ በኩል ወይም በስልክ በፈለግሽው መንገድ ላኪልኝ፤ ቁጥሬን እርሷ ትሰጥሻለች።

የምትወድሽና የምትናፍቅሽ
እኅትሽ