ለገና ሦስት መቶ ካርቶን ስንቅ፦ ከደብረ ማርቆስ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

እንደምን ከረማችሁ ወገኖቼ? ደብረ ማርቆስ ያላችሁም፣ ከዚህ ወጥታችሁ አዲስ አበባና ባሕር ማዶ የገባችሁም፣ ሰላማችሁ ይብዛ።

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቷል፤ ታኅሣሥ 29 ሩቅ አይደለም። እኛ የአንድ እድር እናቶችና ወጣቶች፣ እንዳለፉት ሦስት ዓመታት ሁሉ ዘንድሮም ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎና ብስኩት አዘጋጅተን፣ በካርቶን አድርገን፣ በዓሉን ከቤታቸው ርቀው ወይም ብቻቸውን ለሚውሉ ሰዎች ልናደርስ ተነሥተናል። አምና 120 ካርቶን ሞልተን ነበር። ዘንድሮ 300 ብለናል። የሚያቦካና የሚጋግር ሰው አላጣንም። የጎደለን ዱቄቱ፣ ዘይቱና ምድጃው ነውና እጃችሁን ዘርጉልን።

ነገሩ የተጀመረው በአክስቴ ሕመም ነው። የዛሬ አራት ዓመት በገና ዋዜማ ሆስፒታል ተኝታ ነበርና ድፎ ዳቦና አንድ ሣህን ዳቦ ቆሎ ይዤ ላስታምማት ሄድኩ። ክፍሉ ስድስት አልጋ ነበረው። ከጎኗ የተኛችው ሴት ከቆላ የመጣች ናት፤ ባሏ ሲያስታምማት ሰንብቶ ከብቶቹን የሚያይለት ሰው ስላልነበረው ተመልሷል። አክስቴ ሣህኑን እንደተቀበለችኝ ግማሹን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ «አድርሽላት» አለችኝ። ሴትዮዋ ተቀብላ፣ መርቃኝ፣ ትራሷ ሥር አደረገችው። ገና ጾሙ አልተፈታምና ሌሊቱን ሙሉ እንዲያው እጇን ከትራሱ ሥር አድርጋ አደረች። ሲነጋ፣ ቅዳሴው አልቆ ሰዉ ወደየቤቱ ሲገባ፣ እሷም እዚያው አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በዚያ ዳቦ ቆሎ ጾሟን ፈታች።

በማግስቱ ይህን ለጎረቤቶቼ ነገርኳቸው። በቀጣዩ ዓመት አምስት ሆነን በአንድ ምጣድ 30 ካርቶን ሞላን። ከዚያ 70 ሆነ፤ አምና 120።

ካርቶኑ ወደ አራት ቦታ ይሄዳል። አንደኛው ሆስፒታል ነው፤ ለታማሚውም ለአስታማሚውም፤ አስታማሚውን ማንም አያስታውሰውምና። ሁለተኛው በሰፈራችንና በዙሪያው ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ናቸው። ሦስተኛው ገና የአንድ ቀን እረፍት በመሆኑ ሀገራቸው መድረስ የማይችሉ፣ ግቢ ውስጥ የሚውሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። አራተኛውን ግን ጎጃሜ ለሆነ ሰው ማብራራት አያስፈልገኝም፦ የአብነት ትምህርት ቤት ልጆች፣ የቆሎ ተማሪዎቻችን።

ስማቸው ራሱ የቆሎ ተማሪ ነው። ጎጃምን በቅኔ ያስጠሯት ዋሸራም፣ ዲማ ጊዮርጊስም፣ ጎንጅ ቴዎድሮስም የቆሙት ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው፣ ውሻ እየተከላከሉ ከደጅ ደጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ በተማሩ ልጆች ነው። ከእነሱ ብዙዎቹ ገና በሕፃንነታቸው ከእናታቸው ቤት ወጥተው የሄዱ ናቸው፤ ቤት ቅርብ ከሆነ ሐሳብ ይከፈላል፣ ዘመድ ይጠራል፣ ትምህርቱ አይያዝም ተብሎ ርቀው ይሄዳሉ። በሣር ጎጆ ያድራሉ፤ የለመኑትን ቁራሽ አድርቀው፣ ድርቆሽ አድርገው ያቆያሉ። ዓመቱን ሙሉ በየደጁ የሚቆም ልጅ ለአንድ የበዓል ማለዳ ሳይለምን፣ ከጎጆው ድረስ የመጣ፣ ለእሱ ተብሎ የተጋገረ ነገር ቢደርሰው ምን ይለዋል? አምና 25 ካርቶን ወስደንላቸው ነበር። ልጆቹ ለሁለትና ለሦስት ተካፈሉት። ዘንድሮ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ እንዲደርስ ነው ልባችን የፈለገው፤ ወደ 300 ያደረሰን ዋናው ምክንያትም እሱ ነው።

አሁን ካርቶኑ ውስጥ ምን እንዳለ ልንገራችሁ፤ ገንዘባችሁ ምን እንደሚሆን ማወቅ ይገባችኋልና።

ሁሉም የጾም ነው። ቅቤ፣ እንቁላል፣ ወተት አይገባበትም። የምናድለው ታኅሣሥ 28 ቀን ስለሆነ፣ የተቀበለው ሰው ልቡ ከፈቀደ ያንኑ ዕለት ከሰዓቱ በኋላ ሊቀምሰው ይችላል። ቅቤ የሌለው ነገር ያለ ማቀዝቀዣም ይቆያል፤ በየጎጆውና በየአልጋው ሥር ማቀዝቀዣ የለም።

በእያንዳንዱ ካርቶን 250 ግራም ዳቦ ቆሎ፣ 200 ግራም ቆሎ እና 8 ብስኩት ይገባል። ዳቦ ቆሎው የእናቶቻችን ነው፤ መንገደኛውም ወታደሩም ተማሪውም ሲሰነቅ የኖረው ያው ነው። ለአንድ ኪሎ ዱቄት 150 ግራም ስኳር፣ ከዘይቱም ያንኑ ያህል፣ ትንሽ ጨው፣ ጥቁር አዝሙድ። ውኃው በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚገባው። ሊጡ ጠንካራ መሆን አለበት፤ ክንድ እስኪዝል ይታሻል። ከዚያ እንደ ትንሽ ጣት ቀጥኖ ይድቦለቦላል፣ በሽምብራ ልክ ይቆረጣል፣ በምጣድ ላይ በለስላሳ እሳት እየተማሰለ ይቆላል። እሳቱን ያቻኮለ ሰው ውጩ ጠቁሮ ውስጡ ሊጥ የሆነ ዳቦ ቆሎ ያወጣል፤ እንዲያ ያለው በሳምንቱ ይሻግታል። ውስጡ ድረስ የደረቀው ግን ወር ይቆያል። ለትልልቆቹ ግማሹን በበርበሬ እንሠራለን። የበርበሬው ለብቻው ይቋጠራል፤ ሽታው ብስኩቱ ላይ ያድራልና።

ቆሎው ገብስ፣ ሽምብራና ሱፍ ነው። ስኳር ሕመም ላለበት ሰው ብስኩቱን አውጥተን ቆሎውን እንጨምርለታለን። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ቆሎ አንሰጥም፤ ጉሮሮ ላይ ሊያንቅ ይችላል። ሕፃን ያለበት ቤት ከሆነ በዚያ ፋንታ ለስለስ ያለ ብስኩት እናበዛለን።

ብስኩቱ የወጣቶቹ ሐሳብ ነው፤ እኔም መጀመሪያ አልተቀበልኩትም ነበር። ሦስት እጅ ፉርኖ ዱቄት፣ ሁለት እጅ የቢቸና ጤፍ። ጤፍ ግሉተን ስለሌለው ብቻውን ከተጋገረ ይፈረካከሳል፤ የሚያያይዘው እንቁላልም የለበትም። ልጆቹ በደንብ የበሰለ ሙዝ ፈጭተው አስገቡበትና ያዘ። ከዳር እስከ ዳር የጤፍ ጠረን ያለው፣ ከላይ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ብስኩት ወጣ። የመጀመሪያዎቹ ትሪዎች ግን አበጥ ብለው መልሰው ወደቁ። ኋላ ነው ምክንያቱ የገባን፤ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ውኃ እንኳ ወደ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ሊጥ ውስጥ ያለው አየርም ፈጥኖ ይነፋል። ቤኪንግ ፓውደሩን ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ቀንሰን፣ ውኃውን ጨመር ስናደርግ ተስተካከለ። ደጋ ላይ የምትጋግሩ ሞክሩት።

ማሸጉም ሙያ ነው። ብስኩት ትኩሱን ከተዘጋበት በራሱ እንፋሎት ይልሞሰሞሳል፤ እስኪበርድ ጠፍጣፋ ወንፊት ላይ ተዘርግቶ ይጠበቃል። ቆሎ በአሮጌ ደብተር ወረቀት መጠቅለል የለመድነው ነገር ቢሆንም፣ ቀለሙ ምግቡ ላይ ስለሚቀር እኛ ለምግብ የተሠራ ነጭ ወረቀት እንጠቀማለን። ለአረጋውያኑ ደግሞ አንድ ምኞት አለን። በሰፈራችን ስንደዶና አክርማ እየሰፉ የሚተዳደሩ እናቶች አሉ፤ በካርቶን ፋንታ ክዳን ያለው ትንሽ ሙዳይ ቢሰፉልን ቆሎው ካለቀ በኋላ ሙዳዩ ከቤት አይወጣም፣ ሰፊዋም ለድካሟ ትከፈላለች። ለ40 አረጋውያን 40 ሙዳይ። የዚህን ወጪ ለብቻው የሚሸፍን ሰው ወይም ማኅበር ቢገኝልን ደስታችን ወደር የለውም።

አምና የደረሰብንን ሳልነግራችሁ ባልፍ ደግሞ ምድጃ ለምን እንደምንለምን አይገባችሁም። ታኅሣሥ 27 ሌሊት፣ ሁለት ትሪ ብስኩት ኦቨን ውስጥ እያለ መብራት ሄደ። ይመጣል ብለን አንድ ሰዓት ጠበቅን። ብስኩቱ ደንጊያ ሆነ፤ የተቦካው ሊጥም ሙዝ ያለበት ነውና መጥቆር ጀመረ። ከሴቶቹ አንዷ ከቤቷ ምጣድ አመጣች፣ ሌላዋ ባሕር ዛፍ አነደደች፤ የቀረውን እንደ ድፎ ዳቦ ከላይና ከታች እሳት አድርገን ጋገርነው። ሥራው ሲነጋ አለቀ። በጢሱ የሁላችንም ዓይን አብጦ ነበር። ከአንድ ኦቨን ሁለት ትሪ፣ በአንድ ትሪ 24 ብስኩት ነው የሚወጣው። ለ300 ካርቶን 2,400 ብስኩት ያስፈልጋል፤ ይህ ማለት ሃምሳ ጊዜ ማስገባትና ማውጣት ነው። በአንድ የተውሶ ኦቨን፣ መብራት እየሄደ እየመጣ፣ አንችለውም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። አንድ በጋዝ የሚሠራ ኦቨን ከነሲሊንደሩ፤ ያገለገለም ቢሆን ደኅና ከሆነ እንቀበላለን፣ ንብረትነቱም የእድሩ ይሆናል፤ ለሠርግም ለለቅሶም ለሰፈሩ ሰው ይወጣል። አሥር የመጋገሪያ ትሪ። 80 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ 10 ኪሎ የጤፍ ዱቄት፣ 20 ኪሎ ስኳር፣ 20 ሊትር ዘይት፣ 40 ኪሎ የተፈተገ ገብስ፣ 20 ኪሎ ሽምብራ፣ 8 ኪሎ ሱፍ። ሙዝ፣ ሰሊጥ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በርበሬ። 260 ካርቶን፣ ከነመጠቅለያ ወረቀቱና ማሰሪያው። ወደየአብነት ትምህርት ቤቱ የሚወስደን አንድ መኪና ለአንድ ቀን፣ ከነነዳጁ። በብር ያልጻፍኩት የዱቄቱም የዘይቱም ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ ነው፤ ልትሰጡ ስትነሡ የዕለቱን ዋጋ እንነግራችኋለን።

አንድ ኪሎ ዱቄት ይዞ የመጣን ሰው እንደ አንድ ኩንታል ቆጥረን ነው የምንቀበለው። አምና አንዲት እማሆይ ከራሳቸው ጓዳ አንድ ጣሳ ሱፍ ይዘውልን መጡ። እሳቸው ራሳቸው ካርቶን ከሚደርሳቸው አረጋውያን አንዷ ነበሩ። ሱፉን አልመለስንም፤ መመለስ ነውር ነበር። ካርቶናቸውንም ወስደን ሰጠናቸው።

ሒሳቡን ሦስት ሰዎች ይይዙታል፦ የእድሩ ገንዘብ ያዥ፣ ከእናቶች አንድ፣ ከወጣቶች አንድ። ገንዘብ የሚቀበሉት ሦስቱ አብረው ሲኖሩ ነው፤ ደረሰኝ ይቆረጣል፤ የገባውም የወጣውም ከነደረሰኙ በእድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ባሕር ማዶ ላላችሁ ደግሞ እዚህ ባለ ዘመዳችሁ እጅ ብትልኩት ይሻላል፤ እሱ ይዞልን ሲመጣ ካርቶኑንም አይቶ ይመሰክርላችኋል። ስሙ እንዲጠራ የማይወድ ሰው ስሙ አይጻፍም። ከበዓሉ በኋላ ቢተርፍ ለፋሲካው ጾም እናቆየዋለን።

በጉልበት ልትረዱን የምትፈልጉ እኅቶችና ወንድሞች፦ ቆሎ የምንቆላው ታኅሣሥ 18፣ ዳቦ ቆሎ የምንሠራው ከ19 እስከ 24፣ ብስኩት የምንጋግረው 26 እና 27 ነው። ሥራው ደቦ ነው፤ ምሳ ከእኛ። ሻሽና ሽርጥ ይዛችሁ ኑ፣ ጥፍራችሁን ቆርጣችሁ ኑ፣ ጉንፋን የያዛችሁ ደግሞ ካርቶን በማጠፍ ትረዱናላችሁ። ወንዶች ልጆች ሊጥ ማሸት አይችሉም የሚል ካለ አምና የመጡትን ሦስቱን ይጠይቃቸው፤ ከሁላችንም የጠነከረውን ሊጥ ያሹት እነሱ ናቸው።

ዕቃውንም ገንዘቡንም እስከ ታኅሣሥ 15 ድረስ ብታደርሱልን ገበያ ሳይወደድ እንገዛለን። እስከዚያው ዘወትር ቅዳሜና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ቤት በሩ ክፍት ነው። ከእኛ ሁለት ሰዎች ሁልጊዜ እዚያ አሉ፤ ቡናም እናፈላለን።