ቡና ይገላል ወይስ ያድናል? አንዱን ንገሩን

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ ባለፈው ስለ ቡና ጥቅም ያወጣችሁትን ዜና እናቴ ቡና አፍልታ ጎረቤት በተሰበሰበበት ጮክ ብዬ አነበብኩላቸውና ቶናው ሳይቀዳ ክርክር ተነሳ፣ አንዷ እትዬማ "በቀደም ካንሰር ያመጣል ስትሉን አልነበር እንዴ?" አሉ፣ እውነታቸውን እኮ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1991 ቡናን የፊኛ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚባሉት ጋር መድቦት ነበር፣ በ2016 ደግሞ ማስረጃው በቂ አይደለም ብሎ አወጣው። ድሮ ቡና የሚያበዛው ሰው ሲጋራም ያበዛ ስለነበር የሲጋራው ጦስ ቡናው ላይ ሳይለጠፍ አልቀረም። የሚገርመው ያኔውኑ ከ65 ዲግሪ በላይ የሚፋጅ መጠጥ ግን፣ ሻይም ይሁን ቡና፣ ለምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር ሳያጋልጥ አይቀርም አለ፤ እናቴ ደግሞ ካላቃጠላት ቡና የጠጣች አይመስላትም!

ፐርሰንቱም ሌላ ጣጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በቀን 50 ግራም ሶሴጅ ምናምን መብላት የአንጀት ካንሰርን 18 ፐርሰንት ይጨምራል ሲባል ስጋ እንደ ሲጋራ ገዳይ ነው ተብሎ ተጻፈ፣ ግን ከመቶ ሰው 5 ይታመም ከነበረ ወደ 6 ገደማ ሆነ ማለት እንጂ 18 ሰው ተጨመረ ማለት አይደለም።

እባካችሁ ጥናቱ አይጥ ላይ ይሁን ሰው ላይ፣ ስንት ሰው ላይ፣ ብሩን ማን እንደከፈለ አንድ መስመር ጨምሩበት፣ ቦታ ጠበበን ካላችሁ ኮከብ ቆጠራውን ቀንሱት።