የኮምፒውተር ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ 47 ሺህ ዲግሪ

ክበባችን ዓመቱን የፕሮሰሰር ሙቀት ሲለካ ከረመ ቢባል ሐሰት አይደለም። መስከረም ላይ ያወጣነው ዕቅድ የፎቶ ማቀናበሪያ ሥልጠናና የትምህርት ቤቱን ዌብሳይት ሥራም ያካትት ነበር። ሥልጠናው ተሰጥቷል፤ ዌብሳይቱ አላለቀም። ስለ ሁለቱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

የሙቀቱ ነገር የመጣው ከራሱ ከኮምፒውተር ላባችን ነው። ከቆዩት ዴስክቶፖች ጥቂቶቹ በትምህርት መሐል ድርግም እያሉ አስቸገሩን። መብራት ሄዶ እንዳይባል አጠገባቸው ያሉት ይሠራሉ። እኛ ዘንድ ኮምፒውተር ባስቸገረ ቁጥር የሚከሰሰው ቫይረስ ነውና ተማሪውም መምህሩም ቫይረስ ነው አለ። አንዲት የ11ኛ ክፍል አባል ግን እጇን ወደ ማሽኑ ጀርባ አስጠግታ «ቲቸር፣ ይሄስ ትኩሳት አለበት» አለች። ትኩሳት ካለማ መለካት ነው።

ልምምዱን የጀመርነው ደህና በሚባለው ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱ የተባለውን የሊነክስ ሥርዓተ ክወና ጭነን ነው። ሊነክስ ላይ የኢንቴል ፕሮሰሰሮችን ሙቀት የሚያነበው ድራይቨር (ሥርዓተ ክወናውን ከሃርድዌሩ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ኮርቴምፕ ይባላል። ያነበበውን የሚያቀርበው በተራ ፋይል መልክ ነው፤ ፋይሉ ግን ዲስክ ላይ የተቀመጠ አይደለም፣ በተከፈተ ቁጥር ከርነሉ (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) እዚያው የሚሞላው ነው። ልጆቹ በተርሚናል ሲከፍቱት 47000 የሚል ቁጥር ብቻውን ቁጭ ብሏል። «ወላሂ ቲቸር፣ 47 ሺህ ዲግሪ ነው የሚለው!» ያለው ልጅ እስከ ሰኔ ድረስ ስሙ «47 ሺህ» ሆኖ ቀረ። ከርነል ውስጥ በነጥብ ቁጥር መሥራት አይለመድም። ስለዚህ ሙቀቱ በሺኛ ዲግሪ ተለክቶ በሙሉ ቁጥር ይሰጣል፤ ለሺህ ስታካፍሉት 47 ነው።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ብዙ ሰው የሚያቆመውም እዚህ ነው። እኔ ግን ድራይቨሩ ራሱ ቁጥሩን ከየት አመጣው የሚለውን ጥያቄ ጣል አደረግሁ፤ የዓመቱ ጥሩው ክፍል የጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው። እያንዳንዱ ኮር፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሠራ ክፍል፣ የራሱ የሙቀት ሴንሰር አለው፤ ንባቡም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለ ሬጅስተር በሚባል ትንሽ የቁጥር ማስቀመጫ ይቀመጣል። ያንን ሬጅስተር ማንበብ የሚፈቀደው ለከርነል ብቻ ነው፤ ተራ ፕሮግራም ቢሞክር ፕሮሰሰሩ ራሱ ይከለክለዋል። ድራይቨር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በአስተዳዳሪ ፈቃድ ሬጅስተሩን እንዳለ የሚያሳይ መሣሪያ አለና፣ ላፕቶፑ ሥራ ፈትቶ እንደተቀመጠ ያንኑ ከፈትን። የወጣው በሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት አቆጣጠር) 88350000 ነበር።

ይህን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጽፈን ቢት በቢት ዘረዘርነው። የመጀመሪያው ቢት 1 መሆኑ ንባቡ የሚታመን መሆኑን ይናገራል። የሚፈለገው ከግራ ሦስተኛና አራተኛ ያሉት አሃዞች ናቸው፦ 35። በተለመደው የ10 መሠረት አቆጣጠር 53 (3 × 16 + 5) ማለት ነው። ታዲያ ፋይሉ 47 ሲል ሬጅስተሩ ለምን 53 ይላል? ግማሹ ክፍል ሲከራከር ያቺው የ11ኛ ክፍል ልጅ ደመረቻቸው፤ 100 መጣ። ሴንሰሩ «ይህን ያህል ሞቄአለሁ» አይልም፤ «የመጨረሻው ጣሪያ ላይ ለመድረስ ይህን ያህል ቀረኝ» ነው የሚለው። የዚህ ላፕቶፕ ጣሪያ 100 ዲግሪ ነው፤ ድራይቨሩ ከ100 ላይ 53ን ቀንሶ ነው 47 ያለን። (ትምህርት ቤታችን ባለበት ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ጣሪያው ከፈላ ውሃ በላይ ነው። ይህን ስነግራቸው ጣታቸውን ከማሽኑ የሰበሰቡ ነበሩ።) ፕሮሰሰሩ ጣሪያው ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያም ካልበቃው ራሱን ያጠፋል።

ጣሪያው ስንት እንደሆነ አዳዲሶቹ ፕሮሰሰሮች በሌላ ሬጅስተር ራሳቸው ይናገራሉ። እንደ ላባችን ያረጁ ኮር ቱ ዱዎዎች ግን አይናገሩም። ድራይቨሩ የፕሮሰሰሩን ዓይነት አይቶ 100 ወይም 85 ብሎ ይገምታል፤ ግምቱ ከሳተ ንባቡ ሁሉ በ15 ዲግሪ ይስታል። ኅዳር ላይ፣ የጦሳ ተራራ ብርድ እስከ ክፍል ውስጥ በሚገባበት ሰሞን፣ ጠዋት አንዱን ዴስክቶፕ ከፍተን ከፊዚክስ ላብ ከተዋስነው ቴርሞሜትር ጋር አስተያየነው። ክፍሉ 15፣ ፕሮሰሰሩ 11። በፋን የሚቀዘቅዝ ነገር ከክፍሉ አየር በታች ሊወርድ አይችልም። ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ግምቱ ነው፣ ሌላው ሴንሰሩ ራሱ። ሴንሰሩ የተሠራው ጣሪያው አካባቢ በትክክል እንዲያነብ ስለሆነ ከዚያ በራቀ መጠን ስሕተቱ ይሰፋል። ሁለቱን መለየት አልቻልንም። ከዚያ ወዲህ በእነዚህ ማሽኖች ቁጥሩን ትተን የቁጥሩን ለውጥ ብቻ እንመዘግብ ጀመር።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ልጆቹ ራሳቸው ሙግት ገጠሙ። አንዱ ወገን የደሴ ብርድ ለኮምፒውተር በረከት ነው አለ። ሌላው ወገን አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ፋኑ የሚያነሣው ሙቀት ትንሽ ነው አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው። እንግዲህ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ የምትለው ኮምቦልቻ ቅርብ ናትና ላፕቶፑን ይዘን በሀረጎ ቁልቁለት ወረድን። ማሽኑ እዚያም እዚህም ያንኑ የፓይተን ፕሮግራም በሁሉም ኮሮቹ እንዲያሄድ ተደረገ፤ ሙቀቱም በየአሥር ሰከንዱ ተመዘገበ። ኮምቦልቻ ላይ ፕሮሰሰሩ በደንብ ሞቀ፤ የክፍሉን ሙቀት ስንቀንስለት ግን የደሴውና የኮምቦልቻው ልዩነት ከአንድ ዲግሪ አላለፈም። ሴንሰሩ የሚያነበው በአንድ ዲግሪ ልክ ስለሆነ ማንም አልረታም። የምሳው ክርክር ግን ከወጣው የትራንስፖርት ገንዘብ በላይ ነበር።

ወደ ታመሙት ዴስክቶፖች ልመለስ። በሥራ ጊዜ ንባባቸው በደቂቃዎች ውስጥ ሽቅብ ወጥቶ ሳይመለስ ይጠፋሉ። ቫይረስ እንዳልሆነ ለማሳመን ግራፉን ለመምህራን ማሳየቱ በቃ። ስንከፍታቸው የማቀዝቀዣው ብረት ክንፎች በአቧራ ተደፍነው አንድ ወጥ ግድግዳ መስለዋል፤ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ብረቱ የሚያሻግረው ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱ፣ ደርቆ ይፈረፈራል። አቧራውን በቡሩሽ አራገፍን፣ ከፒያሳ ፔስት ገዝተን ቀባን። አንዱ አሁንም ይጠፋል፤ የኃይል ሳጥኑ ይመስለኛል። የቀሩት ፈተና አልፈዋል። የጥገናው ወጪ ጥቂት ነው፤ ይህን የምጽፈው በጀት የሚያጸድቁ ይህን መጽሔት ስለሚያነቡ ነው።

በወላጆች ቀን የድራማ ክበብ መድረኩን ስለያዘው እኛ ኮሪደር ላይ ግራፋችንን ለጥፈን ቆምን። አንድ አባት የራሳቸውን ላፕቶፕ ይዘው መጥተው እንድንለካላቸው ጠየቁ። ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ሳይሆን የኤኤምዲ ሆኖ ተገኘ፤ ለእሱ ኮርቴምፕ አይሠራም፣ የራሱ ድራይቨር ኬቴን ቴምፕ ነው። እዚህ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ፦ ከኤኤምዲ የመጀመሪያዎቹ ራይዘን ፕሮሰሰሮች አንዳንዶቹ ለፋን መቆጣጠሪያ ሲባል ካለው ሙቀት ላይ 20 ዲግሪ ጨምረው ነው የሚናገሩት። የእሳቸው ከእነዚያ ወገን መሆን አለመሆኑን ሳናጣራ ቀኑ መሸ። ሰውየው መስከረም ላይ ላፕቶፑን መልሰው እንደሚያመጡልን ቃል ገብተዋል።