እምነቴ ጠፋ ወይስ ጠፋች? የሥነ ጽሑፍ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን ብዙ አልሠራም፤ ቀድሜ ልናገረው። ጥቅምት ላይ ስንመዘገብ መቀመጫ ጠፍቶ ነበር። የደሴው የጦሳ ተራራ ብርድና ጉም ሲበረታ ግን ከክፍል በኋላ የሚቆየው አሥራ ምናምን ልጅ ሆነ። የግድግዳ ጋዜጣ ሁለት ጊዜ አወጣን፣ የግጥም ዝግጅት አንዴ። የቀረውን ጊዜ አንድ አጭር ልብ ወለድ በላው።

ታሪኩ የአሜሪካዊው ናትናኤል ሆውቶርን «ያንግ ጉድማን ብራውን» ነው፤ በ1835 እ.ኤ.አ. የታተመ። ወደ አማርኛ እንመልሰው ብለን ገባንበት። ብራውን ካገባ ሦስት ወሩ ነው። ጀምበር ስትጠልቅ፣ ሮዝ ሪባን ያሰረችው ሚስቱ «ዛሬን እንኳ እቤት እደር» እያለችው ትቷት ወደ ጫካ ይሄዳል። እዚያ እባብ የሚመስል ከዘራ የያዘ ሰውዬ ይቀበለዋል። ትንሽ ቆይቶ ልጅ ሳለ ሃይማኖት ያስተማሩትን አሮጊት፣ ከዚያ ቄሱንና ዲያቆኑን ወደ ሰይጣን ጉባኤ ሲጣደፉ ያያል። አንዱ ልጃችን «እንዴ፣ የኔታን በሌሊት እዚያ ማግኘት ማለት እኮ ነው» አለ። ከኋላ ሌላው «እኔ ደግሞ ሸኻችንን» ብሎ ጨመረበት።

ጣጣው የመጣው ከሚስትየዋ ስም ነው። የመጀመሪያውን ረቂቅ ያመጣችው ልጅ ስሙን እንደ ድምፁ «ፌዝ» ብላ ጽፋው ነበር። «ብራውን ውድ ሚስቱን ፌዝን ሳማት» ብላ ስታነብ በሳቅ ሞትን። የስሙ ትርጉም እምነት ነው፤ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን ቀልድና ማሾፍ ሆኖ አረፈው። «ጉድማን»ም አላመለጠም። «ጥሩው ሰው» እንበለው ያሉ ነበሩ፣ «ጉድ ነው!» ያሉም ነበሩ። ታሪኩ በሚፈጸምበት ዘመን ከጌቶች ዝቅ ያለ አባወራ የሚጠራበት፣ እንደ እኛ «አቶ» ያለ ነገር ነው ብዬ አስታረቅኳቸው። ለነገሩ ደራሲው ሁለቱንም ሳያስብ የቀረ አይመስለኝም።

ፈረንጆቹ ስም ትርጉም ሲኖረው ምልክት ነው ብለው ብዙ ይጽፉበታል። እኛ ዘንድ ስም ትርጉም ባይኖረው ነው የሚገርመው። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ እንኳ ስሙ አይጠየፍ ነው! ስለዚህ «እምነት» አልናት፤ እምነት የምትባል ልጅ ደግሞ እዚህ ደሴ ሞልታለች።

ከዚያ ጫካው ውስጥ ሪባኗ ከሰማይ ወርዳ ቅርንጫፍ ላይ ስትያዝ ብራውን የሚጮኸው ጩኸት መጣ። እንግሊዝኛው «ማይ ፌዝ ኢዝ ጎን» ለሚስቱም ለሃይማኖቱም በአንዴ ይሆናል። አማርኛ ግን ያስመርጣል፦ «እምነቴ ጠፋች» ካልክ ሚስትህ ናት፣ «እምነቴ ጠፋ» ካልክ ሃይማኖትህ። ለአንዲት «ች» ሦስት ረቡዕ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ «እምነቴን አጣሁ» አልን። ሁለቱንም ይይዛል፣ ግን የጩኸቱን ጉልበት ይቀንሰዋል። እኔ እስካሁን አልተዋጠልኝም።

ብራውን ሲነጋ ሚስቱ ሪባኗን እንዳሰረች በደስታ ልትቀበለው ብትሮጥም ሰላም እንኳ ሳይላት ያልፋል። ሕልም ይሁን እውነት ደራሲው አይነግረንም። ሰውዬው ግን እስኪሞት ድረስ ማንንም አላመነም። አብዛኞቹ ልጆች «የዋህ ነበር፣ የሰውን ጉድ አይቶ ተሰበረ» አሉ። አንዲት ዝምተኛ የ10ኛ ክፍል ልጅ ግን «እሱስ እዚያ ምን ይሠራ ነበር? ሁሉን ታዘበ፣ ራሱ ተቀጣጥሮ መሄዱን ግን ረሳው» አለች። ይህን እኔ አላስተማርኳትም። የሆውቶርን የአያቱ አያት በ1692 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ሳሌም ሰዎችን በጥንቆላ ከመረመሩት ዳኞች አንዱ እንደነበር፣ በዚያ ዓመት 19 ሰው እንደተሰቀለ የነገርኳቸው ከዚያ በኋላ ነው። በታሪኩ ያሉት አሮጊት ስምም ያኔ ከተከሰሱት ሴቶች የአንዷ ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ።

በወላጆች ቀን ቁንጽል ትዕይንት ሠራን። ሮዝ ሪባን ፒያሳ አጥተን ሰኞ ገበያ አገኘን። ከላይ ስትለቀቅ ወደ ባህር ዛፉ ቅርንጫፍ በመሄድ ፈንታ የማይክ ገመድ ላይ ተጠመጠመች። ብራውን የሆነው ልጅ ቀና ብሎ አያት አያትና ጽሑፉን ረስቶ «እምነቴ ጠፋች!» ብሎ ጮኸ። በ«ች»።

ትርጉሙ ሁለት ገጽ ይቀረዋል፣ መስከረም ላይ እንቀጥላለን። ፎቶ ኮፒውን ይዛችሁ የጠፋችሁ 11ኛ ክፍሎች፣ እባካችሁ መልሱ፤ ያለን ሦስት ቅጂ ብቻ ነው።